አፍንጫው ወዴት ይመልከት

ለተከበሩት አባቴ፣ ባራኮአ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደ ልማዱ ያሠቃይዎታል ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? ሳልዎስ? እህቴ ዙሌማ አዲሱን መነጽር «የሽማግሌ ነው» ብለው ወርውረውት እንደነበር ነግራኛለች፤ ይህን ገጽ ካነበቡ ግን አድርገውታል ማለት ነውና እሰይ ብያለሁ። ነፋሱ የጣላቸው የኮኮናት ዛፎች ቦታ አዲስ ተከላችሁ? ጣራውስ ተጠገነ ወይስ አሁንም በሸራ ነው? እኛ እዚህ ካርዴናስ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ማይሌኒስ ወገቧን ታማ ነበር፣ ተሽሏታል። ልጃችን አስራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ከእኔ ሊበልጥ ምንም አልቀረው፣ ጠባይዋ ግን የእርስዎ ነው፣ ተሳስቻለሁ ማለት አይሆንላትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስገርምዎ አውቃለሁ። በስልክ እርስዎ ይጮኻሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አይጮኽበትም። የምጽፍልዎ ስለ አንድ መኪና የኋላ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ደግሞ ወደ ኤቬሊዮ ይወስደኛል። ስሙን ሲያዩ ወረቀቱን አይጣሉት። ወንድሜ ደጃፍዎን ይረግጣል ወይስ እንደተባረረ ይቀራል፣ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይኸው ነው፤ አስቀድሜ ነገርኩዎት፣ አልሸፋፈንኩም። ነገሩን ግን እንደ መካኒክ በቅደም ተከተል እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

የሚያውቁትን በአጭሩ ልድገመው፣ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው እንዲያውቁ ያህል። አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ሰማያዊው ፎርድዎ ዘጠኝ ሰው ጭኖ የላ ፋሮላን ተራራ ሲወርድ የኋላው ክሮቼራ፣ ያ ዘንጉን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ፣ ተሰበረ። ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ተላቆ በመኪናው ሆድ ሥር ተወራጨ፣ የፍሬኑንም ቱቦ በጠሰው። እርስዎ መኪናውን ከገደሉ መልሰው ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋተጉ አቆሙት። ያንን የሚችል ሌላ ሹፌር አላውቅም፣ ዛሬም እላለሁ። ሁሉም ተረፉ። የኤቬሊዮ የክርስትና አባት ሲሪሎ ግን ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጡ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር የሲሪሎ ሚስት መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ እርስዎ ጣትዎን ወደ ኤቬሊዮ ቀስረው «ክሮቼራውን ግራሶ አልሞላኸውም! አንተ ሰነፍ፣ የክርስትና አባትህን እግር የቆረጥከው አንተ ነህ» አሉት። እሱም «ሞልቻለሁ አባባ፤ ካልሞላሁ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ» አለ። «የእናትህን ስም በዚያ አፍህ አትጥራ» አሉት። በማግስቱ ልብሱን በጆንያ ከትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲባሉ «ሁለት» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ስሙንም ጠርተውት አያውቁም። የተሰበረውን ክሮቼራ በግቢው ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅለው፣ ሥራ ለሚማር ሁሉ «ስንፍና ይህን ይመስላል» እያሉ ያሳዩ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኔ ግቢ ልምጣ። ኔሬይዳ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦሜትሪ አስተምራ ሲበቃት የሟች ባሏን ፎርድ አስነስታ ከካርዴናስ ማታንሳስ ሰው የምታመላልስ ሴት ናት። ምላሷ ምላጭ ነው። መኪናዋ ከኮፈኑ በቀር ፎርድ የሚባል ነገር አልቀረለትም፤ ሞተሩ ከዕቃ መጫኛ የወጣ ናፍጣ ነው፣ የማርሽ ካምቢዮው የሌላ፣ ዲፈረንሻሉም የሌላ። ይህ ለእርስዎ አዲስ አይደለም፣ የእኛ አገር መኪና ሁሉ የእንጀራ ልጅ ነው። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ የኋላውንም ያስተካከልኩት እኔው።

ያስተካከልኩት በእርስዎ ሕግ ነው። «አፍንጫው ካምቢዮውን ዓይን ዓይኑን ይየው» ይሉ ነበር። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ዘንጉ የሚታሰርበት ማለት ነው፣ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ካልተመለከተ መኪናው ዕድሜ የለውም ብለው አስተምረውናል። እኔም ይህንን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ይዤው ነው ያደግኩት። ጭነቱን ከሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ ከባሌስትራው፣ እና ከአክስሉ መካከል ሽብልቅ ከትቼ፣ ወፍራሙን ጎን ወደ ኋላ አድርጌ፣ አፍንጫውን ቀና አደረግኩት። በክር ሳየው ዘንጉና አፍንጫው አንድ መስመር ሆኑ። ደስ አለኝ። እርስዎ ቢያዩት «እጅህ ይባረክ» ይሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ኔሬይዳ በሦስተኛው ወር ተመልሳ መጣች። በስልሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉ እንደሚንዘፈዘፍ፣ ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ወሬ ሲያወራ ምላሱን እንደሚነክስ ነገረችኝ። ስፈታው የኋላው ክሮቼራ አልቋል። ቀየርኩላት። እንደገና በሦስት ወሯ ተመለሰች፣ ያው ክሮቼራ። ያኔ ተቆጣሁ። «ኔሬይዳ፣ ግራሶ አታስሞዪም ማለት ነው። ስንፍና ነው ይህን የሚያደርገው» አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝና «ስማ፣ አርባ አምስት ተማሪ በአንድ ክፍል ይዤ አንድም ቀን ደብተር ሳላርም አድሬ አላውቅም። እኔን ሰነፍ የሚለኝ ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም እናቱ ትዘንበት» አለችኝ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁት። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔ አልፈጠርኳትም፣ ከኮሪደሩ ነው ያመጣኋት። ቢሆንም አፌን ሞልቼ ስለተናገርኩ ማፈግፈግ አልሆነልኝም። «ጥሩ፣ አዲሱን ራሴ እሞላዋለሁ። በየቅዳሜው እያመጣሽ ሌላ ማንም እንዳይነካው» አልኳት። በየቅዳሜው መጣች፤ እኔም በገዛ እጄ የግራሶ ፓምፑን ይዤ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ሞላሁት። አስራ አንድ ቅዳሜ።

በአስራ ሁለተኛው ቅዳሜ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ፈታሁት። አባባ፣ ውስጡ ግራሶ ሞልቶታል፣ ንጹሕ፣ እርጥብ፣ እኔ የከተትኩት። ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች ግን ክሮቼራውን አርሰውታል። በመስቀሉ ክንዶች ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጉድጓዶች፣ እያንዳንዱ መርፌ አንድ ቦታ ቆሞ የቆፈረው። ያንን ምልክት አውቀዋለሁ። ለዓመታት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ኔሬይዳ እኔ ከመኪና ሥር የምሠራበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ «በል ሰነፉን ንገረኝ፣ ማን ነው?» አለችኝ። ክሮቼራውን ከግራሶው ጠርጌ አገላበጥኩት።  እሷም ነገሩ የክሮቼራ ብቻ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ መኪናዋን እዚያው ትታልኝ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

በነጋታው መለካት ጀመርኩ። ሰው ጭኖ መለካትን ከእርስዎ ነው የተማርኩት፤ ባዶ መኪና ውሸታም ነው ይሉ ነበር፣ በእውነትም ነው፣ ባሌስትራው ሲጫንና ሳይጫን የዘንጉ ዘመም ማለት ይለያያል። ስለዚህ መኪናውን ጉድጓዱ ላይ አቁሜ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂ ልጋብዝ ብዬ የሰፈሩን ሰው ጠራሁ። ኦቾሎኒ የምትሸጠው ኦፌሊያ መጣች፣ ማዶ ጥግ ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት አራቱ ጡረተኞች መጡ፣ ማይሌኒስም የጎረቤት ሴቶች ይዛ ገባች። ኔሬይዳ እንደ ክፍል ተማሪ ደለደለቻቸው። «ኦፌሊያ፣ አንቺ ፊት። ለብቻሽ ሁለት ሰው ነሽ» ስትላት፣ ኦፌሊያ «እንግዲያው የሸንኮራውንም ጭማቂ ሁለት ብርጭቆ ነው የምታጠጡኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዶሚኖአቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እዚያው ጨዋታ ጀመሩ። አንዱ ድንጋዩን በጣለ ቁጥር መኪናው ሲነቃነቅ እኔ ከሥር «አትንቀሳቀሱ!» እላለሁ። «እኛ አልተነቃነቅንም፣ ይህ ሰውዬ ሰርቆ ነው የተጫወተው» ይለኛል ሌላው። «ከሥር ያለው ሞቷል እንዴ? ድምፁ ጠፋ» ትላለች ኦፌሊያ። «ሬሳ ሲሆን እንኳ ከመኪና ሥር ነው የሚቀበረው፣ አትስጊ» አለች ማይሌኒስ። ሚስቴ ናት እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

የምለካበት የልጄ የትምህርት ቤት ፕሮትራክተር ነው፤ መካከሉ ላይ ክር አስሬ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ብሎን አንጠልጥዬበታለሁ። ካምቢዮው ላይ ሳስደግፈው ወደ ኋላ አራት ዲግሪ ዘመም ብሏል። ዘንጉ ሰባት። አፍንጫው ሰባት። ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ ስጠራ ኔሬይዳ ጠመኔ ይዛ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ጻፈች። ከዚያ «አፍንጫውን ለምንድነው ከዘንጉ ጋር ያስተካከልከው?» አለች። «ቀጥ እንዲል ነዋ» አልኩ። «ለምን ቀጥ ይላል?» «ቀጥ ያለ ነገር ምን ክፋት አለው?» «ቀጥ ይበል ያለው ማን ነው?» ስትለኝ፣ «አባቴ» አልኩ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። አንዱ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሰውዬውን ተዪው፣ አባቱን አትንኪበት» አላት።

እሷ ግን ጠመኔዋን ይዛ ተንበረከከች። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ትይዩ አድርጋ አሰመረች፣ ሁለቱንም የሚያቋርጥ አንድ ዘመም ያለ መስመር ደግሞ አሳለፈች። «ይህኛው ካምቢዮህ ነው፣ ያኛው አፍንጫህ፣ መካከለኛው ዘንግህ። ሁለቱ ትይዩ ከሆኑ እዚህና እዚያ ያለው ማዕዘን እኩል ነው፤ ይህን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል» አለች። እኔም ያኔ ሁለት አሮጌ ክሮቼራና አንድ መጥረጊያ እንጨት አምጥቼ በእጄ አዞርኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አዙሬ አላየሁትም ነበር። ክሮቼራ ሲታጠፍ አንድ ወጥ አይዞርም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቼራ በዚያው ልክ ሲታጠፍ ግን የፊተኛው ያበላሸውን ያቀናዋል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ነገሩ ተስተካክሏል። እኔ የኋላውን ቀጥ ሳደርገው የፊቱን ጥፋት የሚያርመው አጣ። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው የመጣው።

መሰበሩ ደግሞ ከሌላ ነው። ቀጥ ያለ ክሮቼራ መርፌዎቹ አይንከባለሉም። ዘንጉ ሲዞር እነሱ ባሉበት ቆመው ይቀጠቀጣሉ እንጂ ወዲያ ወዲህ አይሉም፤ ግራሶውም በሥራቸው አይዞርም። ትንሽ መታጠፍ ያስፈልገዋል፣ ለመኖር ማለቴ ነው። እንግዲህ ግራሶ የሞላው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ በየቅዳሜው ቢሞላው፣ በየቀኑ ቢሞላው፣ የእኛን አስተካከል ይዞ ያ ክሮቼራ ይሞታል። በእኔ እጅ ሞቷል። አይቼዋለሁ።

አሮጌውን ሽብልቅ ሳወጣ አፍንጫው ከሰባት ወደ አራት ወረደ። እዚያ ላይ ላቆመው ስል ኔሬይዳ «ነዳጅ ስትሰጠው አፍንጫው ቀና አይልም?» አለችኝ። ይላል፤ ባሌስትራው ስለሚጠመዘዝ ሁለት ዲግሪ ያህል ይነሣል፣ ይህንስ ከእርስዎም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ከአሮጌ ባሌስትራ ላይ ቆርጬ ሁለት ሽብልቅ በሞረድ አወጣሁ፣ ወፍራሙን ጎን ወደ ፊት አድርጌ ከተትኩት፣ አፍንጫውም ሁለት ላይ ዐረፈ። ሲጎትት አራት ይሆናል፣ ከካምቢዮው ጋር ትይዩ። ሰዎቹን እንደገና ጭኜ ለካሁ። ኦፌሊያ «እኔ እኮ ኦቾሎኒዬን ጥዬ ነው እዚህ የተሰየምኩት» ብላ ስታማርር ሦስተኛ ብርጭቆ ጭማቂ አስከፈለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ስድስት ቀን ሆነው። መኪናው አይንቀጠቀጥም። ኔሬይዳ «አሁን ደግሞ ተሳፋሪዎቼ እንቅልፍ ይወስዳቸውና መውረጃቸውን እያለፉ ይጨቀጭቁኛል» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ለማየት ብዬ ክሮቼራውን ፈታሁት፤ ክንዶቹ እንደ ተወለወለ ማንኪያ ያበራሉ፣ አንድ ጭረት የለባቸውም።

አባባ፣ ሕግዎ ውሸት አልነበረም። ይህንንም ኔሬይዳ ናት ያስተዋለችው። በጦሩ ጋራዥ የተማሩባቸው መኪኖች ካምቢዮው ጋ ሁለት ክሮቼራ ተጣምረው እንደነበራቸው ነግረውን ነበር። እነዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ ስለዚህ የኋላው አፍንጫ ወደ ካምቢዮው ማየቱ ለእነሱ ትክክል ነው። የእኛ ፎርድ ግን ፊት አንድ፣ ኋላ አንድ ነው ያለው። እርስዎ የተማሩትን በትክክል አስተማሩ፣ መኪናው ነው ሌላ የነበረው። በዚህ ማንም ሊወቅስዎ አይችልም። የምወቅስዎ በኮሪደሩ ነው። መጀመሪያ ግን ራሴን።

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ጋራዡ ስገባ ኤቬሊዮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። የግራሶውን ፓምፕ እየገፋ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። የኋላውን ክሮቼራ ነበር የሚሞላው፣ እግሮቹ የሚታዩት በኋላው ጎማ በኩል ነበር። አየሁት፣ ሰማሁት፣ አለፍኩ። በኮሪደሩ እርስዎ ጣትዎን ሲቀስሩበት እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም።

ለምን? ሽብልቁን የከተትኩት እኔ ስለነበርኩ። ከአደጋው ከሦስት ወር በፊት «አፍንጫውን ቀና አድርገው» ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ብሎኑን ያጠበቀው የእኔ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው መንቀጥቀጥ መጀመሩን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርስዎ «ጎማው ነው» አሉ፣ እኔም ጎማው ነው አልኩ። ሕጉን አልጠረጠርኩም፤ የኤቬሊዮ ግራሶ ካልሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሽብልቁን በደንብ አላሰርኩትም ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ሌባ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆድ አልፈጀውም። የእኔ ዝምታ ወንድሜን ከቤቱ አውጥቶ የበሬ ነጂ አደረገው። አፍራለሁ አባባ። ሌላ የሚያምር ቃል የለኝም፣ አፍራለሁ።

ኤቬሊዮ ያለው ኮሎን ከተማ አጠገብ ነው፣ ከእኔ አንድ ሰዓት መንገድ። የሸንኮራ ጋሪ የሚጎትቱ በሬዎች ይነዳል። ሞተር ከሩቅ ሰምቶ የትኛው ቫልቭ እንደተቃጠለ የሚናገረው ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ መፍቻ በእጁ ይዞ አያውቅም። የአጥር ሽቦ እንኳ የሚያጠብቅለት ጎረቤቱ ነው። ባለፈው እሑድ ሄድኩ። በሬዎቹን ውኃ እያጠጣ አገኘሁት። «ያን ቀን ግራሶውን ሞልተኸው ነበር፣ አይደል?» አልኩት። ሳቀ። «አስራ አንድ ዓመት ቆይተህ ነው የምትጠይቀኝ? አንተ እኮ አይተኸኛል። ጫማህን ከመኪናው ሥር አይቼው ነበር፣ ያ ማሰሪያው የጠፋው ጫማህ» አለኝ።

ያውቅ ነበር። በኮሪደሩም ያውቅ ነበር፤ ወደ እኔ አላየም፣ አልጠቆመም። «ለምን አልተናገርክም?» ስለው በሬውን እያሻሸ «አባባ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ቢያጣ ማን ያኖረዋል ብዬ ነው» አለ። አባባ፣ እኔ አልቃሻ አይደለሁም፣ በእማማ ቀብር እንኳ እንዴት እንደነበርኩ ያውቃሉ። በሬዎቹ መካከል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱም «በቃ በቃ፣ ከብቶቹን አታስደንግጥብኝ» እያለ ያባብለኝ ጀመር፤ እኔን እሱ ያባብለኝ!

ሌላም ነገረኝ። ሁለት ጊዜ ባራኮአ መጥቶ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ደርሶ፣ የእማማን መቃብር አርሞ፣ ድንጋዩን አጥቦ፣ ሰው ሳያየው ተመልሷል። ያንን መቃብር ያጸዳው ማን እንደሆነ ዙሌማ ስትጠይቅ እርስዎ «የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ነው» እንዳሉ ሰምቻለሁ። ዘበኛው አልነበረም። ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። «ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አልፈልግም፣ ሽማግሌ ሰው አላንበረክክም። እናቴን በቀን ብርሃን ጎብኝቼ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ መቀመጥ ነው የምፈልገው» አለ። ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

ለሲሪሎ ለብቻቸው ጽፌያለሁ፤ እግሩ የእሳቸው ስለሆነ እውነቱን ከእኔ መስማት አለባቸው። ሊሰድቡኝ ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። እርስዎም የሚሉኝን ይበሉኝ። «ሁለት ልጅ አለኝ» ማለትዎን መቀጠል ካስፈለገዎት እኔን ያውጡኝና እሱን ይቁጠሩት፣ ሒሳቡ ያው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እያደር ማለት አስራ አንድ ዓመት መሆን ግን አልነበረበትም፣ ያንን ያረዘምኩት እኔ ነኝ። ግብዣ አላልኩም፣ አሳማ ይታረድም አላልኩም። ከፍትፍቱ ፊቱ ነው አባባ፤ ፊትዎን አይንሱት።

ለእህቴ ለዙሌማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ የላከችው የኮኮናት ማርማላታ ደርሶን በአንድ ቀን አልቋል። ለባሏ ለኦሬስቴስ፣ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ እንደጨረሰ ተስፋ አደርጋለሁ ይበሉልኝ። ሁለቱን መንትዮች ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ዲግና፣ ጸሎቷን እንዳታቋርጥብን፣ ለእኔ ደግሞ ትንሽ ጨመር እንድታደርግ። ማይሌኒስና ልጅቷ እጅ ይነሡዎታል፤ ኔሬይዳም ሳታውቅዎ ሰላም ብላዎታለች፣ «አባትህ ተማሪዬ ቢሆኑ ጥሩ ውጤት ያመጡ ነበር» ብላለች፤ በእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ለኤቬሊዮ ሰላምታ አልጻፍኩም፣ አያስፈልግም። ይህን ፖስታ ለዙሌማ የሰጣት እሱ ነው። በኔሬይዳ መኪና፣ እሷው እየነዳችለት፣ ላ ፋሮላን ተሻግሮ መጥቷል፤ ይህን ሲያነቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፣ ካልጠሩት አይገባም። ስሙን ይጥሩት አባባ። ቅርብ ነው፣ ይሰማዎታል።

ልጅዎ ኖርቤርቶ

ካርዴናስ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2009